ስብሰባ የሌለበት ዓርብ

«ለቬርና እንስጣት፤ እሷ እንደሆነ ልጅ የላት።»

ቬርና ሳዋትስኪ ይህን ስትሰማ በሶሲዮሎጂ ትምህርት ክፍል ሻይ ማፍያ ውስጥ ቆማ የአባቷን አጃ ማይክሮዌቭ ውስጥ እያሞቀች ነበር። ግድግዳው ስስ ነው። ድሮ አንድ ሰፊ ክፍል የነበረውን ለሁለት ከፍለው ወዲያኛውን የክፍሉ ኃላፊ ቢሮ፣ ወዲህኛውን ሻይ ማፍያ ያደረጉት ሰዎች ወጪ መቀነሳቸውን እንጂ ሐሜት መርዳታቸውን አላሰቡም። ተናጋሪው ባልዱር ሃልዶርሰን ነው፤ ነውር ከተናገረ በኋላ ጉሮሮውን ስለሚጠርግ ከሩቅ ይታወቃል። ጠረገ። የክፍሉ ኃላፊ ማልኮም ጊሊስ፣ «እሱስ እውነትህን ነው። እኛ ከልጆቻችን ጋር የምናሳልፈው ጊዜ ያስፈልገናል፤ ሚዛን ማለት እኮ ይኸው ነው» አለ። ከዚያ ሁለቱም ፍትሕ ሠርተው እንዳረፉ ሰዎች ተነፈሱ። ማይክሮዌቩ ጮኸ። ውስጡ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ያፈነዳው የቲማቲም ወጥ ጣራው ላይ ደርቆ ቅርፊት ሆኗል፤ በሩ ላይ «እባካችሁ እርስ በርስ እንከባበር» የሚል ወረቀት አለ። የቬርና አባት ከበሩ አጠገብ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠው ነበርና ደወሉን ሲሰሙ ቀና ብለው፣ «የሚወርድ አለ» አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል።

ለቬርና ሊሰጥ የታሰበው ነገር የአንደኛ ዓመት አስተባባሪነት ነው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሥራ የማያውቀው ሰው ክብር ይመስለዋል። ዘጠኝ መቶ የሚሆኑ ተማሪዎች አሉ፤ ፈተና የኮረጀ አለ፣ ኮረጀ ተብሎ የተከሰሰ አለ፣ ኮርጆ እናቱ ጠበቃ የሆነች አለ፣ አያቱ በየፈተናው ሰሞን የሚሞቱበት አለ። ሁሉም ለአስተባባሪው ይጽፋሉ። ቅዳሜ ማታ ይጽፋሉ፤ እሑድ ጠዋት ደግሞ ቅዳሜ ማታ ለምን እንዳልተመለሰላቸው ለዲኑ ይጽፋሉ። የመጨረሻው አስተባባሪ ዊትኮም በኅዳር ራሴን አመመኝ ብሎ እንደወጣ አልተመለሰም፤ ስሙ ግን በሩ ላይ እስካሁን አለ፣ ሰዎችም በዚያ ሲያልፉ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። በክፍሉ የሥራ ጫና ማስያ ይህ ሥራ የሚታሰበው ሁለት ነጥብ ነው። ሃልዶርሰን በዓመት አንዴ የሚያወጣው፣ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ብቻ የሚያነቡት መጽሔት አራት ነጥብ ነው። ማስያውን ያዘጋጀውን ኮሚቴ የመራው ሃልዶርሰን ነበር። ማልኮም ደግሞ ስሙ የገነነው በቤት ውስጥ ስለማይከፈልበት የሴቶች ጉልበት በጻፈው መጽሐፍ ነው፤ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ሚስቱን ረቂቁን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ ስለተየበችለት ያመሰግናል።

ቬርና አጃውን አወጣች፣ በማንኪያ አማሰለች፣ ለአባቷ አጎረሰች። አልተቆጣችም። እጅ እጅ ነው ያላት። ይህንኑ ቃል በዚያው ጠዋት ለሁለተኛ ጊዜ መስማቷ ነው፤ አንድ ቃል በባዶ ሆድ ሁለቴ ሲጎርሱት ያቅለሸልሻል። የመጀመሪያው ከወንድሟ ነበር። የዊኒፔግ የካቲት እንደ ልማዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ነበርና የመኪናዋን ሞተር ማሞቂያ ገመድ ከግድግዳው ልትነቅል ስትወጣ ስልኳ ጮኸ። ዓርብ ዓርብ አባታቸውን የሚጠብቀው ኤልመር ነው።

«ቬርኒ፣ ዛሬ አልመችም። የኮዲ የሆኪ ግጥሚያ ብራንደን ከተማ ነው፤ ልጁን ይዤ አሁን መንገድ ላይ ነኝ።»

«ኤልመር፣ ዛሬ እኮ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የምገባበት ነገር አለኝ።»

«ዓርብ ዓርብ ስብሰባ ቀረላችሁ አይደል እንዴ? በዜና ሰማሁ እኮ! ታድላችሁ፤ ለኛ ማን እንዲህ ያስብልናል።»

«የቀረው ስሙ ብቻ ነው፤ ስብሰባውማ አለ።»

«ያው ነው። አንቺ ደግሞ ልጅ የለሽ፣ ምን አለብሽ፤ እንደፈለግሽ ነሽ። ይኸውልሽ፣ ዳውፊን ያለው የአረጋውያን ቤት አልጋ ተገኝቷል ብለው ደውለዋል። እስከ ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ። ማታና ቅዳሜን የምትይዢለት ከሆነ እሰየው፣ እዚሁ ይቆይ። የማትችዪ ከሆነ ግን ይሂድ፤ እኔ በበኩሌ አልከራከርም።»

ዳውፊን በመኪና የአራት ሰዓት መንገድ ነው። አባቷ እዚያ የሚያውቁት ሰው ቀርቶ የሚያውቁት ፌርማታ የለም። ቬርና መልስ አልሰጠችም፤ ኤልመርም ስልኩን አልዘጋም። ሳዋትስኪዎች አይጣሉም፣ ዝም ይላሉ። እናታቸውና አክስታቸው በአንድ ድስት ክዳን ተኳርፈው ስምንት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረዋል፤ በየእሑዱ ግን ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ የመዝሙር መጽሐፍ ይዘምሩ ነበር፣ ገጹን የምትገልጠውም እናታቸው ነበረች። ከመኪናው ውስጥ የኮዲ ዘፈን ይሰማል። መጨረሻ ላይ ኤልመር «በይ ቻው፣ አባዬን ሳሚልኝ» አለ።

ስለ ዓርቡ ኤልመር የሰማው ዜና ሐሰት አልነበረም። ባለፈው መስከረም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሠራተኛው መድከሙን በጥናት ደርሰንበታል ብለው፣ ለሥራና ለኑሮ ሚዛን ሲባል ከእንግዲህ ዓርብ ስብሰባ የለም ሲሉ ዐወጁ። ዐዋጁ በወጣ በሳምንቱ ሁሉም ትምህርት ክፍል አንድ ነገር ተገለጠለት፤ ከሳምንቱ ቀናት ሁሉም ሰው ነፃ የሆነበት አንድ ቀን ብቻ አለ፣ እሱም ዓርብ ነው። ስለዚህ ስብሰባው ሁሉ ወደ ዓርብ ተሰደደ። ስብሰባ ግን አይባልም። ፊዚክሶች «የእግር ማፍታቻ» ይሉታል፣ ታሪኮች «ጨዋታ» ይሉታል፤ ሶሲዮሎጂዎች ኤሌክትሪክ ድስት ገዝተው «የዓርብ ሾርባ» አሉት። ስብሰባ ስላልሆነ ቃለ ጉባኤ አይያዝም፤ ቃለ ጉባኤ ስለማይያዝም የተወሰነበት ሰው የሚያመለክትበት ነገር የለም። በዚህ ላይ ክፍሉ ከድሮ ጀምሮ የትም ያልተጻፈ አንድ ደንብ አለው። ፈቃደኛ የጠፋለት ሥራ ሲመጣ፣ በዚያ ሰዓት ስብሰባው ላይ ያልተገኘ ሰው ይመረጣል። ዊትኮም የተመረጠው ጥርሱን ሊያስነቅል በሄደበት ነው። ከዚያ በፊት አንዲት መምህርት ምጥ ላይ ሳለች የቤተ መጻሕፍት ተወካይ ሆና ተመርጣለች፤ የእንኳን ማርያም ማረችሽ አበባና ሹመቱ በአንድ ካርድ ደረሷት። ከዚያ ወዲህ ሰው በክራንችም፣ በጉንፋንም፣ ትኩሳት ይዞትም ይመጣል። ጥናት የሚያደርጉ እንግዶች በዓርብ ሾርባ ላይ የሚታየውን ሕዝብ አይተው ክፍሉ እንዴት ቢዋደድ ነው ይላሉ።

ቬርና አባቷን ይዛ የመጣችው ለዚህ ነው። መቅረት አትችልም፤ እሳቸውንም ብቻቸውን መተው አትችልም። አስተባባሪነቱን ከወሰደች ማታና ቅዳሜ የሚባል ነገር የላትም፤ ማታና ቅዳሜ ከሌላት አባቷ ሰኞ ዳውፊን ናቸው። ነገሩ ይህን ያህል አጭር ነው። ለእንግዳ መኪና ማቆሚያ አሥራ አራት ዶላር ከፈለች፤ ወደ አሳንሰሩ የሚቀርበው እሱ ነዋ። ቀኑን ሙሉ በጠባብ ቢሮዋ አባቷን በብቸኛው የእንግዳ ወንበር አስቀምጣ ኢሜይል ስትመልስ ዋለች። ተማሪ ሲመጣ አዛውንቱ ተነሥተው ቦታ ይለቃሉ፣ «ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላሉ። በምሳ ሰዓት ከታች ካለው መደብር የተርኪ ሥጋ ሳንድዊች በአሥራ ሦስት ዶላር ገዝታ ለሁለት ተካፈሉ፤ ቲማቲሙ ከውስጥ በረዶ ነበር። አባቷ ቲማቲሙን አውጥተው ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ አስቀመጡት። እሷ አየችው፣ አላነሳችውም። «ያቺ ሴትዮ ትመጣለች?» አሏት ድንገት። የትኛዋ እንደሆነች አልጠየቀችም። እናቷ ከሞተች ሰንብታለች። «ዛሬ አትመጣም፣ አባዬ» አለች።

ወደ ሾርባው ሲሄዱ ኮሪደሩ ላይ ጆሲ አገኘቻቸው። ጆሲ የሠራተኞች ደኅንነት አስተባባሪ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ሁለት የጽሕፈት ሠራተኞች ቀንሶ በተረፈው ደመወዝ ነው የቀጠራት። ደረቷ ላይ «ተንፍሱ» የሚል ጽሑፍ አለ።

«ውይ! ውይ! አባትሽ ናቸው? ይሄ ነው እኮ! ቤተሰብና ሥራ በአንድ ኮሪደር! ቬርናዬ፣ አንድ ፎቶ ብቻ፣ ለድረ ገጹ።»

«ጆሲ፣ የመጣነው ወደን አይደለም።»

«እሱ አይታይም፣ አታስቢ። አባባ፣ እርስዎ ሚዛንዎን የሚጠብቁት በምንድን ነው?»

አዛውንቱ አሰቡበት። «በረዶ ላይ ፍሬን አለመርገጥ ነው» አሉ።

ጆሲ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በስልኳም ጻፈችው። ፎቶ ስታነሳ አዛውንቱ ለመታወቂያ እንደሚነሣ ሰው ተገትረው ቆሙ፣ ቬርና የካፖርታቸውን አንገት አስተካከለች። ጆሲ ምስሉን አይታ፣ «አንቺ ትንሽ ፈገግ ብትዪ ኖሮ» አለች፤ ከዚያም የዓርብ ሾርባ ከማያመልጣቸው አንዷ ናትና ተከተለቻቸው።

ሾርባው የምስር ነበር፤ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ አውጥቷል። በዘጠኝ ዶላር የሚሸጠውን ጥቁር ዳቦ ሃልዶርሰን አምጥቶ ዋጋው የተለጠፈበትን ሳያነሳ መሐል ላይ አስቀምጦታል። ወንበሮቹ በክብ ተደርድረዋል፤ ክብ እኩልነት ነው። ከበሩ አጠገብ ማሪሶል ዲማዩጋ ተቀምጣ ነበር። ማሪሶል የኮንትራት መምህር ናት፤ በሁለት ግቢ አምስት ኮርስ ታስተምራለች፣ ባሏ ሌሊት ዳቦ ቤት ይሠራል፣ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ አለቻቸው። ኮንትራቷ በሚያዝያ ያልቃል። የኮንትራት ሰው ሾርባው ላይ ድምፅ የለውም፤ ግን መጥቶ መታየት አለበት፣ የማይታይ ሰው አይታደስለትምና። አዛውንቱን ስታይ ከወንበሯ ተነሥታ አስቀመጠቻቸው፣ እሷ ራዲያተሩ ላይ ተደገፈች። እሷ አገር አያትን እንደሚጠሩት «ሎሎ» አለቻቸው፤ «ሎሎ፣ ሳይቀዘቅዝ ይቅመሱ። ካልጣፈጠዎት እኔ አላበሰልኩትም።» ሳቁ። በዚያ ቀን ሲስቁ ቬርና ያየችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማልኮም ማንኪያውን ኩባያው ላይ መታ መታ አደረገ። «እንግዲህ ይሄ ስብሰባ አይደለም» አለ፤ በየሳምንቱ እንደሚሳቀው ተሳቀ። ስለ ድካም ተናገረ። ስለ መደማመጥ ተናገረ። ዊትኮምን «ወንድማችን» አለው፣ ደውሎለት ግን አያውቅም። «አንድ ኃላፊነት ባዶ ነው። ማንንም አናስገድድም። በፈቃዱ የሚነሣ ካለ ደስታችን ነው።» ሰዉ ሁሉ ሾርባው ውስጥ የወደቀበት ነገር ያለ ይመስል አቀርቅሮ ያይ ጀመር። «ከሌለ ደግሞ፣ እንደ ቤተሰብ ሁኔታችንን እያየን… ማለቴ የቤት ጫና ቀለል የሚልለት ሰው…»

በዚህ ጊዜ አባቷ እጅጌዋን ጨበጡ። «ቬርኒ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ሽንቴ መጣ።»

ሽንት ቤቱ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። በእሳቸው እርምጃ፣ ካፖርቱን አውልቆ፣ ቁልፉን ፈትቶ፣ እጅ አስታጥቦ ለመመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ቬርና ታውቃለች። ያን ያህል ጊዜ ከዚህ ክፍል የወጣ ሰው ምን ሆኖ እንደሚመለስም ታውቃለች። ማልኮም ያወራል፣ ዓይኑ እሷ ላይ ነው፤ ሃልዶርሰን ደግሞ የአዛውንቱን እጅ እጅጌዋ ላይ አይቷል፣ በሩንም በትሕትና ያያል። አትቸኩይ የሚል ሰው አስተያየት ነው። ቬርና በሕይወቷ ሰውን እንዲህ የተጸየፈችበትን ቀን አታስታውስም።

«አንዴ ብቻ ታገሥ፣ አባዬ» አለችና ድምፅዋን ሳትቀንስ ወደ ማልኮም ዞረች። «እኔ አልወስድም።»

«ማንም ስምሽን አልጠራም እኮ» አለ ሃልዶርሰን፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልትጠሩት ነው። ጠዋት ተጠርቶ ሰምቻለሁ፣ ግድግዳው ስስ ነው። ይኸው አባቴ፤ ማታ የማበላው እኔ ነኝ፣ ቅዳሜ የማጥበው እኔ ነኝ። ይህን ሥራ ከወሰድኩ ሰኞ የአራት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ማንንም በማያውቅበት አገር ይወድቃል። አልወስድም። ተቀምጬ ነው የምነግራችሁ፤ ከወጣሁም በኋላ መልሴ ይኸው ነው።»

ደንቡ ለቀረ ሰው ነው እንጂ ተቀምጦ እምቢ ላለ ሰው ምንም አላዘጋጀም። ማልኮም ፊቱን ሐዘን አልብሶ፣ «እንዲህ ልብሽን ስለከፈትሽልን እናመሰግናለን» አለ። ጆሲ አጨብጭባ ልትጀምር ነበር፣ ማንም ስላልተከተላት መዳፏን አሻሸች። ከዚያ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ከወንበር ወለል ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ድምፅ። አዛውንቱ ሾርባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊት ለፊት ያያሉ። ሱሪያቸው ከጉልበታቸው በላይ ጠቁሯል። ወለሉ ላይ እየሰፋ ሲመጣ ስለ ድህነት፣ ስለ እርጅና፣ ስለ ሰው ልጅ ክብር የሚያስተምሩት ሰዎች አንድ በአንድ እግራቸውን ሰበሰቡ። አንዱ ቦርሳውን ከመሬት አነሣ። ሃልዶርሰን ዳቦውን አራቀ።

የተነሣችው ማሪሶል ብቻ ነበረች። «ምንም አይደለም፣ ሎሎ፣ አይዞዎት፤ የኔዋ በቀን አምስቴ ነው» አለቻቸውና ሾርባውን ከእጃቸው ተቀበለች። «ቬርና፣ አንቺ አጠገባቸው ሁኚ። ጂም ውስጥ የተረሳ ልብስ የሚያስቀምጡበት ሣጥን አለ፤ ፎጣም አገኛለሁ።» በሩን ገፍታ ሮጠች፤ በሩ ከኋላዋ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ማልኮም የተዘጋውን በር አየ። ሃልዶርሰንም አየው። ከዚያ ሁሉም አዩት። ቬርና የአባቷ ጫማ ሥር በሾርባ መጥረጊያ ወረቀት ተንበርክካ ሳለች ነገሩ ከሁሉም ቀድሞ ገባት፤ ቀና ማለት ግን አቃታት።

«ማሪሶል…» አለ ማልኮም በለሰለሰ ድምፅ፣ «ማሪሶል ተነሣሽነት አላት።»

«አሁንስ ቢሆን፣ ማንም ሳይጠይቃት አይደል የተነሣችው?» አለ ሃልዶርሰን።

«ልጅ አላት አይደል?»

«አንዲት ናት መሰለኝ። ባልየው ግን ቀን ቀን ቤት ነው።»

«ኮንትራቷስ?»

«ታዲያ ዕድል ነው እንጂ! ትታይበታለች።»

«ነጥቡ ለማን ይታሰብ?»

«ለኮንትራት ሰው ነጥብ አይታሰብም፤ ያ እንኳ አያስቸግርም።»

ቬርና አንድ ቃል ይበቃት ነበር። ቃሉ አፏ ውስጥ ነበር፤ ከምስርና ከምራቅ ጋር ተቀላቅሎ ምላሷ ሥር ተቀምጧል። ነገር ግን ያን ቃል ብትተነፍስ በክቡ ውስጥ ያለው ዓይን ሁሉ ወዴት ተመልሶ እንደሚያርፍ ታውቃለች። የአባቷ እጅ ራሷ ላይ ነበር፤ ቀዝቅዟል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ሸተተ። ወረቀቱ ርሶ ተቆራረሰባት፤ ሌላ ወሰደች፣ ወለሉን መጥረግ ቀጠለች።

«የሚቃወም?» አለ ማልኮም። ዞር ዞር ብሎ አየ። ወደ መሬትም አየ። «ግሩም።»

በሩ ተከፈተ። ማሪሶል በጀርባዋ ገፍታ ገባች፤ ክንዷ ሙሉ ፎጣ ነው፣ ከላይ የዩኒቨርሲቲው ፊደል የተጻፈበት ግራጫ የስፖርት ሱሪ አለ። ሮጣ ስለነበር ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጭብጨባው ያኔ ተነሣ። ቆም አለች። የሰውን ፊት ሁሉ በየተራ አየች፣ ሁሉም ፈገግ ብሏል፤ ደም ፊቷ ላይ ወጣ።

«ኧረ በናታችሁ» አለች እየሳቀች፣ «ምን አደረግኩና! ማንም ሰው የሚያደርገው ነው እኮ።»

ጭብጨባው ባሰ። ጆሲ ስልኳን አወጣች። አዛውንቱም በረጠበ ሱሪያቸው ከወንበራቸው እንደተቀመጡ ሰዉ ሲያጨበጭብ አይተው ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ከዚያም ወለል ላይ ተንበርክካ ወደቀረችው ልጃቸው ጎንበስ ብለው፣ «አጨብጭቢላት እንጂ፣ ቬርኒ» አሉ፣ «ነውር ነው።»

ቬርና ወረቀቱን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አጨበጨበች።